ምረቃ ያለ ምርቃት

ልጆቼ፣ ባለፈው ሰኔ፣ ክረምቱ ገና ማጉረምረም ሲጀምር፣ ከጎረቤታችን ግቢ ድንኳን ተተክሎ አየሁ። ድንኳን ሲተከል በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ክፉውን ነው። ከዘራዬን ይዤ ስወጣ ግን የሰማሁት እልልታ ነበር። የጎረቤታችን ሁለተኛ ልጅ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ፣ ከትምህርት ቤቷም አንደኛ ወጥታ፣ ሜዳሊያ አንገቷ ላይ አጥልቃ መጥታለች። እናቲቱ እንጀራ እየጋገረች፣ በየምግብ ቤቱ እያደረሰች ያሳደገቻት ልጅ ናት። እንግዳው ሁሉ ልጅቱን ከብቦ ፎቶ ሲነሣ እናቲቱ ጓዳ ውስጥ ወጥ ታማስል ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ በመጋረጃው አጮልቃ አየቻትና ነጠላዋን ዐይኗ ላይ አድርጋ ተመለሰች።

እኔን የጠሩኝ ለምርቃት ነው። ተነሥቼ እጄን ዘርግቼ ነበር፤ ግን ወዲያው አልመረቅሁም። ለምን እንደ ዘገየሁ እነግራችኋለሁ። አስቀድሜ ግን በልቤ የቆየውን ላውጣ፤ ታገሡኝ።

መቼም በልጃችሁ ደስ አይበላችሁ የሚል ሽማግሌ፣ ሽማግሌ አይደለም። ደስ ይበላችሁ። እልል በሉ። ገበሬ አዝመራው ሲያምርለት ማሳው ዳር ቆሞ በዝምታ እንደሚያየው፣ እናንተም ቆማችሁ እዩ። የእኛ ዘመን ወላጅ ልጁን በፊቱ ማመስገን ነውር ይመስለው ነበር። «ልጅ ከሳቁለት፣ ውሻ ከሮጡለት» ብሎ ፊቱን አኮሳትሮ ያሳድጋል፤ ዐይን ይበላብኛል ብሎም የልጁን ጉብዝና ይሸሽጋል። ልጁ ዘወር ሲል ግን «የእኔ ልጅ» ሳይል ውሎ አያድርም። እንዲህ ሆኖ ልጁ የአባቱን ኩራት የሚሰማው ከጎረቤት አፍ ነው። እኔም ከእነዚያ ልጆች አንዱ ነበርሁ፤ አባቴ በእኔ ምን ያህል ደስ እንደሚላቸው ያወቅሁት በለቅሷቸው ቀን፣ ከአልቃሽ አፍ ነው። ስለዚህ ንገሯቸው። ዐይናቸውን እያያችሁ፣ ስማቸውን ጠርታችሁ «ጎበዝ» በሏቸው። «ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ» ይላሉ አባቶች። በደስታ ቀን «ኧረ ገና ነህ፣ ምን አይተህ!» ማለት ማሩ ላይ ዐመድ መነስነስ ነው።

የምፈራው ሌላ ነገር ነው። ልጁን የሚያቅፍ ደስታ አለ፤ ልጁ ትከሻ ላይ የሚጫን ደስታም አለ። ሁለቱም እልል ይላሉ፣ ሁለቱም ይደግሳሉ፤ ከሩቅ ላያቸው አይለዩም። የሚለዩት ዓመታት አልፈው ነው።

እኔ የተወለድሁት መንዝ ነው። ፊደል የቆጠርሁት ቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ውስጥ፣ ከወይራ ሥር፣ የኔታ ፊት ተቀምጬ ነው። ከፊደል ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ወደ ወንጌል፣ ከወንጌል ወደ ዳዊት። ዳዊት የደገመ ልጅ በዚያ ዘመን እንደ ትልቅ ሰው ይቆጠራል፤ የመንደሩን ደብዳቤ ያነባል፣ ይጽፋልም። ወላጅም ልጁ ዳዊት ሲደግምለት እንደ አቅሙ ይደግሳል። አባቴ ፊደል ያልቆጠሩ ገበሬ ነበሩ። ያን ዕለት ጠላ ተጠመቀ፣ ሙክት ታረደ፣ ለየኔታ አዲስ ጋቢ ተዘጋጀ፣ ጎረቤት ተጠራ። እኔ ከመሐል ቆሜ ዳዊቴን ዘርግቼ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምሁ።

ስጨርስ ማንም አላጨበጨበልኝም፤ ጭብጨባ የዚያ አገር ወግ አልነበረም። የኔታ እጄን ይዘው በቤቱ ያለውን ሰው ሁሉ ጉልበት አሳሙኝ። የአባቴን፣ የእናቴን፣ የአያቴን። በመጨረሻም ከምድጃው ዳር ወደ ተቀመጠችው ታላቅ እህቴ ወሰዱኝ። እኔ ከወይራው ሥር ስቀመጥ የእኔን ከብት እየጠበቀች የከረመችው እሷ ናት። እህቴ አፍራ ጉልበቷን ሰበሰበች። የኔታም «አትሽሺ፤ ግማሹ ያንቺ ነው» አሏት። ከዚያ በኋላ ነው እጃቸውን ዘርግተው የመረቁኝ። ያቺ እህቴ ራሷ ፊደል የለየችው ጎልማሳ ሆና፣ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ ነው። ያስተማርኋት እኔ አለመሆኔ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

እስኪ ቃሉን ራሱን ጠይቁት። ተመራቂ እንላለን። ተመራቂ ማለት ምርቃት የተቀበለ ማለት ነው፤ ምረቃና ምርቃት ከአንድ ግንድ የበቀሉ ቅርንጫፎች ናቸው። ይህ ቃል ገበያ ውስጥም አለ። እናት ሽንብራ ስትሸምት፣ ጣሳው ሞልቶ ከተሰፈረላት በኋላ «እስኪ መርቂልኝ» ትላለች፤ ሻጭዋም በእፍኟ ዘግና ከላይ ትጨምርላታለች። ምራቂ ይባላል። ምራቂ ዋጋ አይወጣለትም፤ ከልክ በላይ፣ በፈቃድ፣ በመልካም ፊት የሚሰጥ ነው። ልጃችሁ በትጋቱ ያገኘው ማዕረግ የተሰፈረው ጣሳ ነው፤ እንቅልፉን ሰጥቶ ገዝቶታል። ምራቂው ግን ከእናንተ እጅ ነው የሚጠበቀው። ጋውኑን ተከራይታችሁ፣ ኬኩን አዝዛችሁ፣ ድምፅ ማጉያውን አስተክላችሁ ሳትመርቁት ብትሸኙት፣ ልጁ የገዛውን ብቻ ይዞ ይሄዳል።

የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ደግሞ ሌላ ቃል አላቸው። ተማሪው ትምህርቱን ፈጽሞ ማዕረግ ሲያገኝ «አስመሰከረ» ይባላል። ድጓ ለማስመስከር ጋይንት ቤተልሔም ይወርዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት ለማስመስከር ዙር አምባ ይወጣል። ስንት ዓመት ደበሎ ለብሶ፣ ቆሎ ቆርጥሞ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለምኖ የደረሰበት ነው። ምስክር ደግሞ ሌላ ሰው ነው እንጂ ራስ ለራስ አይሆንም። መምህሩ ይመሰክሩለታል፣ ጉባኤው ይመሰክርለታል፤ እሱ ዝም ብሎ ይቆማል። ቁራሽ እንጀራ እየሰጡ ያሳደጉትን ደጆችም አይረሳቸውም፤ ዕውቀቱ በእነዚያ ቁራሾች የተገነባ መሆኑን ሆዱ ያውቀዋልና።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ሠላሳ አራት ዓመት ጠመኔ ይዤ የሰው ልጅ አስተምሬአለሁ። በገዛ ቤቴ ግን ስቻለሁ። ይህን የምነግራችሁ እናንተ ሳትደርሱበት እንድትመለሱ ነው።

ተከታትለው የተወለዱ ሁለት ልጆች አሉኝ። ታላቁ ወንድ ነው፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንደኛ ነው። ታናሿ ሴት ናት፤ ሃያ ምናምነኛ ትወጣለች። እጇ ግን ወርቅ ነበር፤ በቤት የተሰበረውን ሁሉ ትጠግናለች፣ ጎረቤት ሲታመም ከሁሉ ቀድማ የምትደርስ እሷ ናት። እኔ የልጁን ሰርተፍኬት በመስተዋት እያስገባሁ ሳሎን ግድግዳ ላይ እሰቅል ነበር። በየዓመቱ አንድ፣ አንዳንዴም ሁለት። እንግዳ ሲመጣ ቡናው እስኪፈላ ወደ ግድግዳው እያመለከትሁ አወራለሁ። ቡናውን የምታፈላው ሴት ልጄ ናት። ረከቦቷን ዘርግታ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ትቀመጥ ነበር። በዐይኔ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ልቤ ያየው ግን በጣም ዘግይቶ ነው።

አንድ ቀን ካርዷን ይዛ እየሮጠች መጣች። ከሃያ ሦስተኛ ወደ ዐሥራ አንደኛ ወጥታለች። ካርዱን አየሁና «ወንድምሽ እኮ…» አልሁ። ይችኑ ነው ያልሁት፤ ዐረፍተ ነገሩን እንኳ አልጨረስሁትም። ከዚያ ወዲያ ካርዷን ለእናቷ እንጂ ለእኔ አምጥታ አታውቅም። ዐሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ተወችው። ሰነፈች አልሁ፣ ለሰውም እንደዚያ አወራሁ። ከሃያ ሦስት ወደ ዐሥራ አንድ የወጣችበት ዳገት ወንድሟ አንደኛ ሆኖ ከሚሮጥበት ሜዳ እንደሚከብድ አልገባኝም፤ ያውም እንዲህ ያለውን ዳገት ስንት የሰው ልጅ ሲወጣ ክፍል ውስጥ ቆሜ ያየሁ መምህር ሆኜ ሳለሁ። ለሰው ልጅ የነበረኝ ዐይን ለልጄ ጠፋኝ።

ልጁስ ተደስቶ የኖረ ይመስላችኋል? ዩኒቨርሲቲ ገባ። እዚያ በየአገሩ አንደኛ የወጣው ሁሉ ተሰብስቦ ጠበቀው። በመጀመሪያው ሰሚስተር ውጤቱ ዝቅ አለ። ለገና ይመጣል ብለን ጠበቅን፤ ቀረ። ለፋሲካ ጠበቅን፤ ቀረ። እናቱ ዶሮውን ሠርታ የእሱን ድርሻ ለብቻ አስቀምጣ ሳምንቱን ሙሉ እያሞቀች ቆየች። በዓመቱ ሲመጣ ሰውነቱ አልቋል። «ምነው ልጄ፣ ፋሲካን እንኳ?» ብላ ስትጠይቀው፣ እኔ መኝታ ቤት ሆኜ ስሰማ፣ «እማዬ፣ በሩን ከፍቼ ስገባ ፊት ለፊት የማየው ያን ግድግዳ ነው» አላት።

እኔ ለክብሩ የሰቀልሁት ለእሱ የዕዳ መዝገብ ሆኖበት ኖሯል። በየዓመቱ አንድ መስመር እየጨመርሁ የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ባለዕዳ ደግሞ አበዳሪው ወዳለበት ቤት አይመጣም። ያን ሌሊት ተነሥቼ አንድ በአንድ አወረድኋቸው። ቦታቸው ግን አልጠፋም። ሌላው ቀለም በጢስና በፀሐይ ደብዝዞ፣ ከመስተዋቱ ሥር የነበረው እንደ አዲስ ቀርቶ፣ ግድግዳው ዳግመኛ እስኪቀባ ድረስ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘኑ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። «ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው» የሚሉት እውነት ነው። በልጆቼ ላይ ያደረግሁት ነገር ዞሮ ያገኘኝ ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው።

ሴት ልጄ ዛሬ የራሷ የልብስ ስፌት ቤት አላት። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልንም በማታ ትምህርት፣ ሁለት ልጅ ወልዳ ጨርሳለች። የጨረሰች ዕለት ድንኳን አልተተከለም፤ እኔ የሰማሁት ከሳምንት በኋላ ነው። ሄጄ ይቅርታ ጠይቄአታለሁ፤ ይቅርም ብላኛለች። ይቅርታዋ የእሷን ደግነት ያሳያል እንጂ የእኔን ጥፋት አያሳንሰውም። «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው» ይባላል። ከነሜዳሊያው መውደድማ ለማን ይከብዳል?

ስልሳ ልጅ በሚማርበት ክፍል አንደኛ የሚወጣው አንድ ነው። መምህር ሆኜ በየዓመቱ መጨረሻ ካርድ ስሰጥ የማየው የዚያን የአንዱን ፊት ነበር። አሁን ሳስበው ሃምሳ ዘጠኙ ያን ዕለት ምን ተብለው እንዳደሩ ማን ጠየቀ? ካርዱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተው፣ መንገዱን አዙረው፣ ረጅሙን ይዘው ወደ ቤት የሚሄዱ ልጆች ነበሩ። በመስኮት አያቸዋለሁ። እናንተም በየቤታችሁ አላችሁ፤ አንዱ ሲሸለም ሌላው ከበሩ ጀርባ ቆሞ የሚሰማ። ለባለ ሜዳሊያው የምትናገሩት ቃል ሁሉ ለዚያኛውም ይደርሰዋል፤ አንዳንዴ ለእሱ በስለት በኩል ነው የሚደርሰው።

ደግሞ ይህንን አስቡ። የትምህርት ቤቱ ሜዳሊያ የሚጠለቀው ከአገር አቀፉ ፈተና ውጤት በፊት ነው። በ2008 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተሰርቆ ወጥቶ መሰረዙን ታስታውሳላችሁ። ኩረጃው እየባሰ ሄዶ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ልጆቹ በየዩኒቨርሲቲው ገብተው እዚያው እያደሩ እንዲፈተኑ ተደረገ። መጋረጃው ሲገለጥ ያየነውን አየን። በዚያ ዙር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3 ነጥብ 3 ብቻ ነበሩ። በ2015ቱ ፈተና ከ845 ሺህ ተፈታኝ ያለፉት 27,267 ናቸው፤ በ2016ቱ ከመቶ 5 ነጥብ 4። በ2015ቱ ፈተና አንድም ልጅ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 ይበልጡ ነበር።

ልጆቼ፣ በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ውስጥም እኮ አንደኛ የወጣ ልጅ ነበር። እዚያም ሜዳሊያ ተጠልቋል፣ እዚያም እናት እልል ብላለች፣ እዚያም ሙክት ታርዷል። ክረምቱ አልፎ ውጤቱ ሲመጣ ያ ልጅ ያንን ሜዳሊያ የት ያድርገው? አምጥቶ የሰጠው ሰው አልተጠየቀም፤ ያፈረው ልጁ ብቻ ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት አባቶቻችን ጥምጥም ጠልተው አይደለም። ገና ከመዋዕለ ሕፃናት የሚወጣ ሕፃን ጋውን ለብሶ፣ ቆብ ደፍቶ ሳየው ደስም ይለኛል፣ እፈራለትማለሁ። ወላጅን ለማስደሰት ሲባል የሚሰጥ ማርክ ልጁን አጉል ተስፋ የሚያበላ ነው። ካርዱ ሲያምር ደብተሩንም ግለጡ። «አንብብልኝ» በሉት፤ ያነበበውንም «እስኪ ንገረኝ» በሉት። ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ፊደል ያልቆጠረ ወላጅም ያደርገዋል። አባቴ ማታ ማታ እሳት ዳር ዳዊቴን ያስደግሙኝ ነበር፤ የተንተባተብሁበትን ቦታ ከዜማው ያውቁት ነበር።

ውጤቱ በወጣ ማታ ደግሞ ቤታችሁ ውስጥ የሚነገረው የመጀመሪያ ቃል ዕድሜ ልክ ይታወሳል። ልጁ ስልኩን ይዞ ጥግ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቀው ያንን ቃል ነው። «ና፣ እራት ቀርቧል» በሉት። መብላቱን እዩ። ሌላው ነገ ይደርሳል። ሬሜዲያል የሚባል ሁለተኛ በር አለ፤ የቴክኒክና ሙያ በር አለ፤ ደግሞ ተፈትኖ ማለፍ አለ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»። ልጁ ግን አንድ ጊዜ ከእናንተ ፊት ከሸሸ፣ የእኔ ልጅ እንደ ሸሸ፣ ለመመለስ ያለው መንገድ ሩቅ ነው። እኔ ባለፍሁበት መንገድ አንድ ፋሲካ ነው የጎደለብኝ። ከዚያ የበለጠ የጎደለባቸው ወላጆች አሉ፤ ለቅሷቸው ላይ ተቀምጬአለሁ፤ ከዚህ በላይ አልናገርም።

በዚያው ድንኳን ውስጥ አንድ ዘመድ ድምፅ ማጉያውን ይዞ «ዶክተራችን!» ሲል ሰምቼዋለሁ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ የልጅቱን ፊት እያየሁ ነበር፤ ፈገግታዋ አንድ አፍታ ቆመ። ምን መማር እንደምትፈልግ ማንም አልጠየቃትም። ወላጅ ራሱ ያላገኘውን ማዕረግ ልጁ ላይ ሲሰፋ፣ ልኩን የሚወስደው ከራሱ ትከሻ ነው። ሴት ልጄ እንዳስተማረችኝ፣ ልብስ ከመቆረጡ በፊት የሚለካው የሚለብሰው ሰው ነው። «የተማረ ይግደለኝ» የምንል ሕዝብ ነን፤ እንዲህ የምናከብረውን ትምህርት ለልጁ ጠባብ ልብስ አናድርግበት።

መምህራኑንም አትርሱ። አንዲት እናት ልጇ በተመረቀ በሳምንቱ ድፎ ዳቦ በሞሰብ አሸክማ፣ ልጁን አስከትላ እቤቴ መጣች። ልጁን ያስተማርሁት ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው፤ መልኩንም ረስቼው ነበር። «እስክሪብቶ አያያዝ ያሳዩት እርስዎ ነዎት፤ ይመርቁልኝ» አለችኝ። ከዚያ ዳቦ የበለጠ ሽልማት በሠላሳ አራት ዓመቴ አልተሰጠኝም። የልጁ ቁመት ያን ጊዜ ከእኔ ይበልጥ ነበር፤ ጎንበስ ብሎ ነው የተመረቀው።

እንዲህ ነው ፍሬ ያለው ነገር። ማሽላ ሲያፈራ ራሱን ይደፋል፤ ጤፍም ፍሬው ሲከብደው ይተኛል። ከማሳው መሐል ቀጥ ብሎ የቆመውን ስትቀርቡት እንክርዳድ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ልጃችሁን አንገት እንዲደፋ በቁጣ አታስተምሩት፤ ማን እንዳሳደገው ሲያውቅ ራሱ ይደፋል።

ወደ ድንኳኑ ልመለስ።

እጄን ዘርግቼ፣ እንግዳው ሁሉ ተነሥቶ፣ ልጅቱም ፊቴ ተንበርክካ ሳለች የኔታ ትዝ አሉኝ። የእናቲቱ እንጀራ ለቤት ኪራይና ለቀለብ እንደሚውል አውቃለሁ። የትምህርት ቤቱን ክፍያ የምትልከው የቤቱ ታላቅ ልጅ ናት። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ ጂዳ ከሄደች ሰባት ዓመቷ ነው፤ የሰው ቤት ትሠራለች። ከተነሡት ፎቶዎች በአንዱም የለችም።

«እህትሽ ሰምታለች?» አልኋት።

«ማታ እደውልላታለሁ አባባ፤ አሁን ሥራ ላይ ናት» አለችኝ።

«አሁን ደውዪላት» አልሁ።

ሙዚቃው ተዘጋ። እናቲቱ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከጓዳ ወጣች። ስልኩ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ዝም አለ። በሦስተኛው ተነሣ። ውኃ ሲፈስና ሳህን ሲጋጭ ይሰማል። «ምን ሆናችሁ? እማዬ ደኅና ናት?» አለች፤ በሰው አገር ያለ ሰው ባልተለመደ ሰዓት ሲደወልለት አስቀድሞ የሚያስበው ክፉውን ነው። ታናሿ ሜዳሊያውን በመዳፏ ጨብጣ «አንደኛ ወጣሁ» አለች፤ ሌላ ቃል አልወጣትም።

ወደ ስልኩ ቀረብሁና «ልጄ፣ ግማሹ ያንቺ ነው» አልኋት። ከዚያም ሁለቱን በአንድ ላይ መረቅሁ። «ዕውቀቱን ለወገን የሚጠቅም ያድርገው። ከክፉ ዐይን፣ ከክፉ ሰው ይሰውራችሁ። የላብሽን ዋጋ በአገርሽ፣ በቤትሽ፣ ከእናትሽ ጋር ተቀምጠሽ የምትበዪው ያድርግሽ። የተለያያችሁትን በሰላም ያገናኛችሁ።» ድንኳን ሙሉ ሰው በየመሐሉ «አሜን» እያለ ተቀበለኝ። ከስልኩ ግን ከውኃው በቀር ምንም አይሰማም። ተቋረጠ ብዬ ላቆም ስል ውኃው ተዘጋ። ከዚያ፣ አሠሪዎቿ እንዳይሰሟት ነው መሰለኝ፣ በሹክሹክታ «አሜን» አለች።